ኤምባሲያችን ምን ያህል ሊቆምልን ይችላል? በሦስት አጋጣሚ የተማርኩት

ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የደወለልኝ በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሼ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ባለው ቤቴ ጋደም እንዳልኩ ነበር። «እትዬ፣ ውክልናው አልሠራም» አለኝ። ከአባታችን የወረስነውን ሽሮ ሜዳ ያለ ቤት ሸጠን ድርሻችንን ለመካፈል ተስማምተን፣ ገዥ ተገኝቶ ቀብድም ተቀብለን ሳለ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ፈርሜና ማኅተም አስደርጌ የላክሁት ወረቀት ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» በምንለው መሥሪያ ቤት ተቀባይነት አጥቶ ተመለሰ። በዚያች ሰዓት የተናደድኩት በኤምባሲው ላይ ነበር፤ ማኅተሙን የመታው እሱ ስለሆነ ጥፋቱም የእሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጥፋቱ የራሴ እንደነበር ለመረዳት ጥቂት ቀናት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ሌሎች ጉዳዮች፣ አንዴ በሞት አንዴ በእስር፣ ወደዚያው መስኮት ተመልሻለሁ። በየጊዜው ከእኔ ጋር ወረፋ የጠበቁ ወገኖቼ ከኤምባሲው ሊያገኙ የማይችሉትን ሲጠይቁ፣ ሊያገኙ የሚችሉትን ደግሞ ሳይጠይቁ ሲመለሱ አይቻለሁ፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ኤምባሲና ቆንስላ በሰው አገር ላይ የአገራችን አፍ ናቸው፤ ክንዷ ግን አይደሉም። ይናገራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይመሰክራሉ፣ ይጠይቃሉ፤ በሌላው መንግሥት ሹም ላይ ግን ማዘዝ አይችሉም። ይህንን ልዩነት ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ብዙ ቀንና ብዙ ዕንባ ይተርፈኝ ነበርና፣ ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ከውክልናው ልጀምር። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት አንዲት ጓደኛዬ ከዓመታት በፊት የተጠቀመችበትን ቅጂ ተውሼ፣ ስምና አድራሻ ብቻ ቀይሬ ነበር። «በማናቸውም መሥሪያ ቤት ቀርቦ በእኔ ስም ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽምልኝ ወክየዋለሁ» ይላል። «ጉዳዬን ሁሉ» ካልኩ ወዲያ ምን ይቀራል የሚል እምነት ነበረኝ። በሕግ ዐይን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2204 እንደሚደነግገው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ብቻ ነው፤ ይህም ንብረቱን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈልን የመሰለ ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ለመታረቅ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ወይም ለክስ መልስ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ወንድሜ በእጁ የያዘው ወረቀት የአባታችንን ቤት ለማከራየት እንጂ ለመሸጥ አያበቃውም ነበር። የመዝጋቢው ሠራተኛም የነገረው ይህንኑ ነው።

ታዲያ የቆንስላው ሠራተኛ እያየ ለምን አተመልኝ? ይህንን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ፤ መልሱን ያገኘሁት ግን ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ከራሱ ከሠራተኛው ነው። እሱ ያረጋገጠው እኔ በአካል ቀርቤ፣ ማንነቴን በፓስፖርት አስመስክሬ፣ በፈቃዴ በፊቱ መፈረሜን ነው። ጽሑፉ ለጉዳዬ የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ማወቅ የእኔና የጠበቃዬ ሥራ ነው። በዚያ መስኮት ላይ ቆንስሉ የሚሠራው አዲስ አበባ ያለ የሰነድ መዝጋቢ የሚሠራውን ነው፤ መንግሥት በሌለበት ቦታ የመንግሥትን ዐይን ተክቶ ያያል፣ ያየውንም በማኅተም ይመሰክራል።

በሁለተኛው ጊዜ ጽሑፉን ያዘጋጀልኝ አዲስ አበባ ያለ የሕግ ባለሙያ ነው። ቤቱ የሚገኝበት ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የቤት ቁጥሩ፣ የካርታው ቁጥር፣ የእኔ ድርሻ መጠን፣ «እንዲሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ስመ ሀብቱን እንዲያዛውር» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ሰፍረውበታል። በሜትሮ ቫን ነስ ጣቢያ ወርጄ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ ወዳለው ሕንፃ ስደርስ ገና በር አልተከፈተም ነበር። ተራዬ ደርሶ ስፈርም ሠራተኛው ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ከፓስፖርቴ ጋር ጎን ለጎን አስተያየውና፣ «እህቴ፣ ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ፊርማ ይህ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ፓስፖርት ሳወጣ የፈረምኩት ሙሉ ስሜን በአማርኛ አያይዤ ነበር፤ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ቼክ ላይና ሥራ ቦታ ስፈርም ፊርማዬ አጥሮ ሁለት ጭረት ብቻ ሆኗል። ሌላ ቅጂ አውጥቶ ሰጠኝ፤ የድሮውን ፊርማዬን እጄ ረስቶት ስለነበር በቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ከተለማመድኩ በኋላ ፈረምኩ። እሱም ሰማያዊውን ክብ ማኅተም ግማሹ ፊርማዬ ላይ ግማሹ ባዶው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ጫን ብሎ መታው፤ ከሥሩ ስሙንና ፊርማውን አኖረ። ይህ የሠራተኛው ፊርማ ከማኅተሙ የማያንስ ዋጋ አለው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥዬ እገልጻለሁ።

ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በቀጥታ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ «ውልና ማስረጃ» ወደምንለው መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ አይሄድም። በመጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀርባል፤ ሚኒስቴሩ በየኤምባሲው ያሉ ሠራተኞቹን ፊርማ ስለሚያውቅ «ይህ ፊርማ የእኛ ሰው ነው» ብሎ ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ ነው ሰነዶች ማረጋገጫ የሚመዘግበው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚመሰክረው ከእሱ በፊት ስላለው ፊርማ ብቻ በመሆኑ፣ አንዱ ከጎደለ ቀጣዩ አይቀበልም። በስልክ ፎቶ የተላከ ቅጂም ዋጋ የለውም፤ ዋናው ወረቀት በመልእክተኛ ፖስታ ወይም በታመነ ሰው እጅ መድረስ አለበት። እኔ የመጀመሪያውን ቅጂ በፎቶ ልኬ ወንድሜን ግማሽ ቀን በከንቱ አሰልፌዋለሁ።

በሕመም ወይም በርቀት ምክንያት በአካል መቅረብ የማይችል ሰው ሌላ መንገድ ነበረው፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሄዳበታለች። በአቅራቢያ በሚገኝ የአሜሪካ ኖተሪ፣ ማለትም ሰው በፊቱ መፈረሙን በሚያረጋግጥ ሰው፣ ፊት ይፈረማል፤ የኖተሪውን ፊርማ ክፍለ ግዛቱ ያረጋግጣል፤ ቨርጂኒያ ከሆነ ሪችመንድ፣ ሜሪላንድ ከሆነ ደግሞ በካውንቲው የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ በኩል አልፎ አናፖሊስ ይሄዳል። ከዚያ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻም ኤምባሲያችን ያረጋግጡታል። ሳምንታት የሚወስድ ጉዞ ነው። አቅም ያለው ሰው በአካል ቢሄድ ይሻለዋል፤ የአንድ ቀን መንገድ የሳምንታትን ልፋት ይተካል።

ቤቱ ኅዳር ላይ ተሸጠ።

በዚያ ሁለተኛ ቀን ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንደቅ ዓላማ እያዩ «ልጄ፣ እዚህ በር ስንገባ እኮ አገራችን ገባን ማለት ነው» አሉኝ። ስሜታቸው ስሜቴ ነው፤ በአማርኛ ተራ ሲጠራ መስማት ብቻውን ልብ ያሞቃል። ነገር ግን ይህን አባባል እንደ ሕግ የወሰዱ ሰዎች ሲጎዱ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቪየና ላይ የተፈረመው የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 22 የኤምባሲን ግቢ የማይደፈር ያደርገዋል፤ የተቀባዩ አገር ፖሊስ ያለ ኤምባሲው መሪ ፈቃድ መግባት አይችልም፣ ግቢውንም ከጥቃት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። መሬቱ ግን የተቀባዩ አገር መሬት እንደሆነ ይቀራል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ ዲፕሎማቶቹ ራሳቸው የዚያን አገር ሕግ እንዲያከብሩ ያዛል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ የተወለደ ሕፃን በግቢው ምክንያት ኢትዮጵያዊ አይሆንም፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 6 መሠረት ኢትዮጵያዊ የሚያደርገው የአባቱ ወይም የእናቱ ዜግነት ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚፈልገው ሰውም እዚያ በመግባቱ ከሕጉ አያመልጥም።

አምባሳደሩ አገሪቱን ይወክላሉ ሲባልም ትክክለኛ ትርጉም አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት አምባሳደሮችን የሚሾሙት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ ተሿሚው የሹመት ደብዳቤውን ለተቀባዩ አገር ርእሰ ብሔር ያቀርባል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ቃል የመንግሥቷ ቃል ሆኖ ይቆጠራል። ግንኙነት ሲሻክር አንዱ የመጀመሪያ ምልክት የአምባሳደሩ መነሳት ነው፤ በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ አምባሳደር ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ኤምባሲ ይመራ የነበረው በጉዳይ ፈጻሚ፣ ማለትም አምባሳደሩን ተክቶ በሚሠራ ዲፕሎማት ነው። ደረጃው ወረደ እንጂ በሩ አልተዘጋም። የቆንስላው መስኮት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 5 እንደሚዘረዝረው ፓስፖርትና የጉዞ ሰነድ መስጠት፣ ሰነድ ማረጋገጥ፣ ልደትና ጋብቻ መመዝገብ፣ ሰው ሲሞት ወራሾችን መርዳት፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ የታሰረን ዜጋ መጎብኘት የእሱ ድርሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከዋሽንግተኑ ኤምባሲ ሌላ ሎስ አንጀለስና ሚኒሶታ ቆንስላ ጄኔራሎች ነበሩን፤ የትኛው ክፍት እንደሆነና የምትኖሩበት ክፍለ ግዛት ለየትኛው እንደተመደበ ሳትጠይቁ መንገድ አትጀምሩ። ኖርዌይ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ደግሞ በአገሩ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስለሌለ ጉዳዩን የሚጨርሰው ስቶክሆልም ሄዶ ነው።

ሁለተኛው አጋጣሚ በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የደረሰ ነው። የዕድራችን አባል የሆነች አንዲት እህት እናቷን ለጥየቃ ከአገር ቤት አስመጥታ ነበር። እናቲቱ በሦስተኛው ወር ዓርብ ማታ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ። «ካልሆነልኝ አፈሬን ከአባትሽ ጎን» ብለው ስለነበር፣ ልጅቱ ሌላ ነገር ልትሰማ አልቻለችም። እሷ ከሐዘንተኛው ጋር እንድትሆን የወረቀቱን ሥራ እኔና የዕድሩ ሊቀመንበር ያዝነው።

የሚያስፈልገውን ልዘርዝር፤ ሁኔታው የገጠመው ሰው በዚያ ሰዓት ለማሰብ አቅም ያጣልና። በመጀመሪያ የቀብር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት መምረጥ ግድ ነው፤ አስከሬኑን በመድኃኒት አዘጋጅቶ ለጉዞ በሚሆን ሣጥን የሚያሽገው እሱ ነውና። ከእሱ በኩል የሞት ምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ቅጂ፣ አስከሬኑ በመድኃኒት መዘጋጀቱን የሚገልጽ ማስረጃና የማጓጓዣ ፈቃድ ይገኛል። ሟች በተላላፊ በሽታ አለመሞታቸውን የሚገልጽ የጤና ባለሥልጣን ደብዳቤም ይጠየቃል፤ የዘገየብን እሱ ነው። እነዚህ ከሟች ዋና ፓስፖርት ጋር ሲቀርቡ ኤምባሲው አስከሬኑ ወደ አገር እንዲገባ የሚያስችለውን ደብዳቤ ይጽፋል፤ አየር መንገዱ ያለ እሱ አይጭንም። የሞት ምስክር ወረቀቱን ቢያንስ አምስት ስድስት ቅጂ አስወጡ፤ አዲስ አበባ ላይ ለባንክ፣ ለጡረታ፣ ለውርስ ይፈለጋል።

ኤምባሲ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፤ በእኛም በአሜሪካም በዓላት እንደዚያው። ሊቀመንበሩ ለአስቸኳይ ጉዳይ የተመደበውን ስልክ ያውቁ ስለነበር ዓርብ ሌሊቱን ደወሉ። ያነሳው የቆንስላ ሠራተኛ ያሉንን ወረቀቶች በዚያው ሌሊት በኢሜይል እንድንልክና ዋናዎቹን ሰኞ ጠዋት ይዘን እንድንቀርብ ነገረን። ሰኞ በር ሲከፈት ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ብቻ ይጠብቅ ነበር። ልጅቱም መጥታ ነበር። ሠራተኛው የእናቷን ፓስፖርት ተቀብሎ፣ ከዚህ በኋላ ማንም እንዳይጠቀምበት ሽፋኑን በመብሻ በስቶ የተሰረዘ መሆኑን አተመበት፤ ከዚያ በመስኮቱ አሳልፎ ሊሰጣት ሲል ተወው፣ በጎን በር ወጥቶ በሁለት እጁ ሰጣትና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። እሷ ፎቶው ያለበትን ገጽ ገልጣ ቆማ ቀረች፤ የብስቱ ቀዳዳ የእናቷን ፊት አልነካም ነበር። እኔ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ያን ያህል ክብር ያየሁበት ቀን ጥቂት ነው።

የማጓጓዣው ወጪ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቤተሰቡ አንዳንዶቹ «ዜጋዋን አገሯ ትወስዳለች» ብለው ኤምባሲው እንደሚከፍል ተስፋ አድርገው ነበር። ኤምባሲው የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ የከፈለው ዕድሩ ነው። በዕድር ያልታቀፋችሁ ወገኖቼ ይህን አስቡበት፤ ለጥየቃ ለምታስመጧቸው ወላጆችም ከመምጣታቸው በፊት አስከሬን መመለስን የሚያጠቃልል የጉዞ መድን መግዛት ይቻላል። አስከሬኑ ረቡዕ ማታ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ አየር ማረፊያ ተነሳ።

ሦስተኛው የእስር ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2014 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ፣ በዲቪ የመጣ፣ ግሪን ካርድ ያለውና ዜግነቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ የ23 ዓመት ልጅ፣ በጠብ ምክንያት ተይዞ በካውንቲ እስር ቤት ገባ። አክስቴ ከአዋሳ እየደወለች «ኤምባሲው ምን ይሠራል? ሄደው አያስፈቱትም?» ትለኝ ነበር። ኤምባሲ ስደውል የቆንስላው ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ልጁ ራሱ እንድናውቅለት ጠይቋል?» ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የውጭ አገር ዜጋ ሲታሰር ባለሥልጣኑ «ለአገርህ ቆንስላ እንድናሳውቅልህ ትፈልጋለህ?» ብሎ ሳይዘገይ ሊጠይቀው ይገባል፤ መነሻው የ1963ቱ ስምምነት አንቀጽ 36 ነው። ልጃችን በዚያ ሌሊት ከቀረቡለት ወረቀቶች መካከል በዚህኛው ላይ «አልፈልግም» የሚለውን መርጦ ፈርሟል። ኤምባሲ የሚለውን ቃል ሲያይ አገር ቤት ወሬው ይደርሳል፣ እናቴ ትሰማለች ብሎ ፈርቶ ነበር። ያው አንቀጽ ደግሞ እስረኛው በግልጽ ከተቃወመ ቆንስሉ በእሱ ስም ምንም እንዳያደርግ ይከለክላል። እናቱ ብትለምንም፣ እኔ ብለምንም፣ ቃሉ የእሱ ነው። በስልክ ሳገኘው ይህን አስረዳሁት፤ ሐሳቡን ቀይሮ በጽሑፍ ጠየቀና ቆንስሉ በዚያው ሳምንት አነጋገረው።

ቆንስሉ ያደረገለትን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። በአማርኛ ጉዳዩን አዳመጠው። አማርኛ የሚያውቁ ጠበቆችን ጠቆመን። በፍርድ ቤት አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለው ነገረው፤ ልጁ እንግሊዝኛዬ በቂ ነው ብሎ ሳይገባው «አዎ» እያለ ሲያልፍ ነበርና ይህ ምክር ብዙ ጠቅሟል። ለአክስቴም ደውሎ ልጇ በሕይወትና በጤና እንዳለ አስረዳት፤ ከእኛ ሁሉ ቃል ይልቅ ያመነችው የእሱን ነው። ያላደረገውም አለ፤ ዋስ አልሆነም፣ ችሎት ቆሞ አልተከራከረም፣ ይፈታ ብሎ አላዘዘም፣ ሊያዝዝም አይችልም። ለመንግሥት ተከላካይ ጠበቃው በመጀመሪያው ቀን «ዜጋ አይደለም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለው» ብላችሁ መንገርን ደግሞ አትርሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በሰጠው ውሳኔ ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን ከአገር ማስባረር ያስከትል እንደሆነ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ልጃችን በቀላል ጥፋት ተቀጥቶ ወጣ፤ ግሪን ካርዱም አልተነካም።

ይህ የማሳወቅ መብት እንደ ተራ ቅጽ እንዳይታይ አንድ ነገር ልጥቀስ። ላግራንድ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች አሪዞና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲያዙ ስለዚህ መብት ማንም አልነገራቸውም፤ ቆንስላቸው ያወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1999 ሁለቱም በሞት ተቀጡ። ጀርመን አሜሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከስሳ በ2001 ረታች፤ ለወንድማማቾቹ ግን አልደረሰም።

ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ይህን በጥንቃቄ እላለሁ። ከመንግሥቱ ሸሽቻለሁ ያለ ሰው ቆንስላ እንዲያውቅለት አለመፈለጉ መብቱ ነው፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናትም ጥገኝነት መጠየቁን ለቆንስላው እንዳይገልጹ ይጠበቃል። ጉዳዩ ሳያልቅ የአገሩን ፓስፖርት ለማደስ ኤምባሲ ከሄደ ግን ዳኛው «ከዚህ መንግሥት ጥበቃ ፈልገሃል እኮ» ሊለው ይችላል። ከመሄዱ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ።

በአረብ አገራት ያሉ እህቶቻችን ፈተና ከእኛ የከበደ ነው። ጅዳ ትሠራ የነበረች አብሮ አደጌ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዘውባት፣ በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ስድሳ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ አብራ ተመልሳለች። ቆንስላው በፓስፖርቷ ፈንታ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የጉዞ ወረቀት ሰጣት። እሷ እንደነገረችኝ ብዙዎች ያቺን ወረቀት ሲይዙ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሏቸው ነበር፤ ሊሴ ፓሴ ግን ወደ አገር ያስገባል እንጂ ከዚያ አገር አያስወጣም። የመውጫ ፈቃዱ የሳዑዲ መንግሥት ነው፤ ቆንስሉ ሊያደርግ የሚችለው መጠየቅ፣ መጎትጎት፣ ስም ዝርዝር ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ መመላለስ ነው። የፓስፖርታችሁን የመጀመሪያ ገጽና የሥራ ውላችሁን ፎቶ አገር ቤት ላለ ሰው ልካችሁ አስቀምጡ፤ ፓስፖርቱ ሲያዝ ቆንስላው ማንነታችሁን የሚያረጋግጠው በዚያ ነው።

እኔ ራሴ በ2010 ዓ.ም. የአሜሪካ ዜግነት ወስጃለሁ። በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት በዚያው የኢትዮጵያ ዜግነቴ ቀርቷል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ቢደርስብኝ ስለ እኔ የሚጠይቀው እንጦጦ መንገድ ላይ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። ይህን ማሰብ በመጀመሪያ ልብ ይሰብራል። ከአገሬ ጋር የቀረኝ ወረቀት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ያስችላል፣ የውጭ አገር ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል የነበረውን ድንጋጌም አንስቶልናል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይሰጥም። ዜግነት የለወጠ ሰው በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ውክልና ለመስጠት መሞከር የለበትም፤ ሰነዱ ኋላ ሊፈርስበት ይችላል።

ባለፈው ዓመት ቢጫ ካርዴን ለማሳደስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው «ልጄ፣ እስቲ መነጽሬን ረስቼ ነው፣ ተስተካክሎ እንደሆነ አንብቢልኝ» አሉኝ። ለወንድማቸው ልጅ የሚሰጡት ውክልና ነበር፤ ደብረ ብርሃን ያለ ቤታቸውን ሊሸጥላቸው። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽምልኝ» ይላል። የጎደለውን ነገርኳቸው። ተራቸውን ለኋላ ሰው ሰጥተው፣ የቤቱን ቁጥር ከአገር ቤት በስልክ አስነግረው፣ የመሸጡን ሥልጣን በዝርዝር እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠን በእጅ ጻፍነው፤ ጽሑፉንም ከመፈረማቸው በፊት ለሕግ ባለሙያ እንዲያሳዩት ፎቶ አንስተን አዲስ አበባ ላክነው። መልሱ ሲመጣ መስኮቱ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር። ፈረሙ፤ ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው አድርገው።